ሥራውስ አልከበደኝም

ከአዲስ አበባ የሚደውልልኝ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «ሥራው አልከበደዎትም ወይ?» ይላል። ስንት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰውዬ፣ ፀጉሩ ከነጣ በኋላ አሜሪካ ሄዶ ፓርኪንግ ይሠራል ብለው ከንፈር ይመጡልኛል። ኧረ ተዉኝ! ሥራው ምን አለኝ? ወንበር ነበረኝ፣ እግሬ ሥር ማሞቂያ ነበረኝ፣ መስታወት ውስጥ ተቀምጬ የሚገባ የሚወጣውን አይ ነበር። የከበደኝ ከሥራ ከወጣሁ በኋላ ያለው ኑሮ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ሰውን ሠራተኛ ለማድረግ አንድ ሳምንት አይፈጅባትም። ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ምን ይሁን የሚለውን ግን ያሰበችበት አይመስለኝም።

በሰዓቱ ልጀምር። ቦሌ አውሮፕላን ስሳፈር እጄ ላይ የነበረውን ሰዓት እስከ ዛሬ አልነካሁትም። ልጄ «አባዬ፣ አስተካክለው እንጂ» ትለኛለች። ምኑን ላስተካክል? የተስተካከለ ነው። ስሌቱን ስሙኝማ፤ አስተማሪ ነኝና ታገሱኝ። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው፣ ፈረንጅ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ፤ ልዩነቱ 6 ሰዓት። ዲሲ ደግሞ በሰመር ከአዲስ አበባ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ከ7 ላይ 6 ሲቀነስ 1። እንግዲህ የእኔ ሰዓት 9 ሲል የዲሲው 8 ነው ማለት ነው። አንድ ቀንሶ ማንበብ ነው፣ አለቀ። አዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኖ ዲሲ ገና ፊቷን ያልታጠበች መሆኗ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ የምድር መዞር ጣጣ እንጂ የሰዓቴ ጥፋት አይደለም። ዊንተር ሲገባ ደግሞ 2 መቀነስ። ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ ሥዬ ባስረዳት «ስልክህ ላይ እኮ አለ» ብላኝ ሄደች።

ዊንተር ላይ ለምን 2 እንደሚሆን አልጠየቃችሁኝም። ጉዱ እሱ ነው። ማርች በገባ በሁለተኛው እሑድ፣ በእነሱ አቆጣጠር ከሌሊቱ 2 ሰዓት ሲሞላ፣ 3 ነው ይባላል። በሕግ! ሰው ተኝቶ ሳለ አንድ ሰዓት ተወስዶበት ያድራል። ማን ወሰደው፣ የት አደረሰው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ ጠየቅሁ። «ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ላይ ይመለስልዎታል» አሉኝ። ስምንት ወር ገደማ አስቀምጠው፣ ያለ ወለድ! በዚያ በማርቹ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግማሹ ምእመን አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል፤ ደግነቱ ጉባኤው የሐበሻ ነውና ከሌላው እሑድ የተለየ መሆኑን ያወቀ የለም።

እነሱ ሰዓት ሲሰርቁ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። እኛ ግን እርስ በርስ በየቀኑ ነው የምንሰራረቀው። የምኖረው ዊተን ነው፣ ሜሪላንድ። ሕንፃው ሐበሻ በሐበሻ ነው፤ ሊፍት ውስጥ የበርበሬ ሽታ የማይጠፋበት ቤት። ታዲያ ሰው የሚባል አይገኝም። ከእኛ በላይ ያሉት ባልና ሚስት አንድ ሕፃን አላቸው። ባልየው የሌሊት ሠራተኛ ነው፣ ሚስትየው የቀን። ጠዋት በመስኮት አያቸዋለሁ፤ እሱ መኪናውን ሲያቆም እሷ የራሷን አስነስታ ትጠብቀዋለች፣ ልጁን ከነወንበሩ ከመኪና ወደ መኪና ይቀባበሉታል። «ወተቱን ጠጥቷል።» «ስልክህን አትርሳ።» ትዳሩ ይኸው ነው። ማታ ደግሞ ያንኑ በተገላቢጦሽ። አንድ ቀን ባልየውን ሊፍት ውስጥ አገኘሁትና «ኧረ አንድ ቀን ቡና ኑ» አልኩት። በአገራችን ይህን ሲሉት ሰው «እሺ» ይላል፤ መምጣት አለመምጣቱ በኋላ የሚታይ ነው። እሱ ስልኩን አወጣ። ካላንደር ከፈተ። በጣቱ ወደ ላይ ወደ ታች ሲል ቆየና «ከሦስት ሳምንት በኋላ ያለው እሑድ ይመቸናል፤ ከ4 እስከ 5 ተኩል» አለኝ። ቡና! እስከ 5 ተኩል! በረካው ሳይደርስ ሊነሱ ማለት ነው። እንኳን በረካው፣ አቦሉም ቀረ፤ ዕለቱ ሲደርስ «ሽፍት ተቀይሮብን ነው፣ ይቅርታ» የሚል ቴክስት መጣ።

ቡናስ ቢሆን መች በሰላም ይፈላል? ኮርኒሱ ላይ አንዲት ነጭ ክብ ነገር አለች፤ ሥራዋ ጭስ መሰለል ነው። የልጆቼ እናት ቡና ልትቆላ ስትነሳ ቤታችን ዘመቻ ሊወጣ ነው። ብርድም ቢሆን መስኮት ይከፈታል። የምድጃው ማራገቢያ ይበራል። እኔ የካርቶን ክዳን ይዤ ወንበር ላይ እወጣና ያችን ነጭ ነገር አራግባለሁ፤ ሪህ ያለበት ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ። እሷ እንደሆነ ወግ አይጎድልባት። ቡናው ሲንጣጣ መቁያውን አንስታ በየተቀመጠው ሰው አፍንጫ ሥር ታዞራለች፣ ሰውም ጭሱን በእጁ ወደ ራሱ እየሳበ «እሰይ» ይላል፤ እኔ ደግሞ ከላይ ሆኜ ያንኑ ጭስ አባርራለሁ። ዕጣኑ ገና አልተጨሰም።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ከአገር ቤት ገና የመጣች የባለቤቴ ዘመድ ተቀምጣለች። ጭሱ ሲበዛባት ጊዜ ለእኛ አዝና የደጁን በር ብድግ ብላ ከፈተችው። «አትክፈቺ!» ብዬ ስጮህ ተከፍቷል። የቤት ውስጧ ነጭ ነገር የግል ናት፣ ትጮሃለች፣ በመጥረጊያ እንጨት ትነኳታላችሁ፣ ዝም ትላለች። የኮሪደሩ ግን የሕንፃው ነው። እሱ ሲጮህ ሁሉም ፎቅ ይጮሃል፣ ሊፍቱ ይቆማል፣ ሕዝቡ በደረጃ ይወርዳል። ወረድን። በረዶው ላይ አንዷ ውሻዋን በሹራብ ጠቅልላ፣ አንዱ በነጠላ ጫማ፣ አንዱ ጥርሱን እየቦረሸ ሳለ ብሩሹን እንደነከሰ። የእሳት አደጋዎቹ በሁለት ትልልቅ መኪና መጡ፣ መጥረቢያ ይዘው፣ ጀርባቸው ላይ የአየር በርሜል ተሸክመው ሽቅብ ሮጡ። ቤታችን ገብተው ያገኙት ረከቦት ነው። ቄጤማ፣ ስኒ፣ ፈንዲሻ፣ የተቆላ ቡና። ከመካከላቸው አንዱ ሲወርድ ባለቤቴ አንድ እፍኝ ፈንዲሻ ጓንቱ ላይ አደረገችለት፤ በላ።

እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። ያ በካላንደር የማይገኝ ሐበሻ ሁሉ ደጅ ላይ ቆሟል። ከስድስተኛ ፎቅ፣ ከአራተኛ ፎቅ፣ እንዳሉም የማላውቃቸው። «እርስዎም እዚህ ነዎት? እኔ እኮ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ!» ይባባላል። ጋቢ ለባዶ ራስ ይሰጣል፣ የታመመ ይጠየቃል፣ የወለደች እንኳን ማርያም ማረችሽ ትባላለች። ባልየውም ከቀን እንቅልፉ ተነስቶ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ወረደ፤ ያለ ቀጠሮ ተገናኘን። ደህና ጨዋታ ይዘን ሳለ «አደጋ የለም፣ ግቡ» ተባለና ሁሉም ገብቶ በሩን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ቡና ስናፈላ በሩን ገርበብ አድርገን ብንተወውስ እያልኩ አስባለሁ። ባለቤቴ ግን ቅጣቱ እንዳለ ትነግረኛለች።

ሰርጉም ቢሆን በሰዓት የተከራየ ነው። እኩለ ሌሊት ሲሞላ አዳራሹ መብራቱን ቦግ ያደርገዋል፣ ሠራተኞቹ ወንበር ማጠፍ ይጀምራሉ፤ ቆሞ የሚጨፍር ሰው ሲቀመጥ ወንበሩን አያገኘውም። ባለፈው የአንድ ወዳጄ ልጅ ስታገባ በሽማግሌነት እንድመርቅ ተጠራሁ። ሱፌን ለብሼ ወደ መድረኩ ስሄድ አንድ ጆሮው ላይ ሽቦ የሰካ ጎረምሳ ጠጋ ብሎ «አባባ፣ ሁለት ደቂቃ አለዎት» አለኝ። ሁለት ደቂቃ! ሕዝቡ አሜን የሚልበት ጊዜ ሲነሳለት ለምርቃቱ ምን ሊተርፍ ነው? ውለዱ ክበዱ ብዬ ንብረቱ ላይ ሳልደርስ ሙዚቃው ተከፈተ። እነዚያ ልጆች ድሃ ቢሆኑ እኔ የለሁበትም።

ለቅሶ ላይማ አታድርሱኝ። ቀድሞ ነገር ቤቱን ማግኘት አለባችሁ። ይህቺን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1791 የነደፋት ፒየር ላንፎ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው። የምክር ቤቱን ሕንፃ ካፒቶልን መሐል አድርጎ ቀጥ ያሉ መንገዶች ዘረጋ። ዛሬ በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱት በቁጥር፣ የሚያቋርጧቸው በፊደል ይጠራሉ፤ ከተማዋም በአራት ተከፍላለች፤ ኖርዝ ዌስት፣ ኖርዝ ኢስት፣ ሳውዝ ዌስት፣ ሳውዝ ኢስት። በካርታ ሳየው የረካሁበት ሥራ ነው፤ ክፍል ውስጥም አመስግኜዋለሁ። ግን ኤች ስትሪት ኖርዝ ዌስትም አለ፣ ኤች ስትሪት ኖርዝ ኢስትም አለ፣ የቤት ቁጥሩም ከካፒቶል ወዲያና ወዲህ ራሱን ይደግማል። አንድ ወዳጄ ታዲያ ለቅሶ ሊደርስ ኖርዝ ዌስት የተባለውን ኖርዝ ኢስት ሄደ። አገር ቤት ቢሆን ችግር የለም፤ ድንኳን ታያላችሁ፣ ዋይታ ትሰማላችሁ፣ የሰው ጫማ ደጅ ላይ ታያላችሁ። እዚህ ድንኳን የለ፣ መጮህ ፖሊስ ያስጠራል። ቁጥሩ ትክክል ነው ብሎ አንኳኳ፤ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ከፈቱለት። ወዳጄ በእንግሊዝኛ «እግዚአብሔር ያጥናዎት» የሚለውን እየፈለገ እንባው መጣ። ሰውየው አስገቡት። ውሃ ሰጡት። እሳቸውም በዓመቱ ሚስታቸውን ቀብረው ኖሮ አብረው አለቀሱ አሉ። የኛው ለቅሶ ጋ ሲደርስ ተበትኗል፤ ከ2 እስከ 5 ነበር የተባለው።

ያልቻለው ደግሞ በዜል ይደርሳል። ስልኩን ሁለቴ ነካ ነካ ያደርግና ገንዘቡን ይልካል፣ ከጎኑ የተጣመሩ እጆች ምስል ያስከትላል፣ በቃ ለቅሶ ደርሷል። እድሩ ራሱ አለ፤ ሬሳ ወደ አገር ቤት የሚሸኝ እድር አቋቁመናል፣ እሱ ያስመሰግናል። የሞተ ሰው እዚህ ከሞላ ጎደል የተሟላ አገልግሎት ያገኛል። ያለ ቀጠሮ ሰው የሚሰበሰብለትም እሱ ብቻ ነው።

ሐኪም ቤት ስሄድ የሚጠሩት አያቴን ነው። በፎርማቸው የመጨረሻው ስም ዋናው ስም ስለሆነ ነርሷ በሩን ገፋ አድርጋ የአያቴን ስም ትጣራለች። ዝም እላለሁ። አያቴ እንኳን አሜሪካን አዲስ አበባንም ሳያይ ያረፈ ሰው ነው፤ ደም ግፊቱን ሊለኩለት ይፈልጉታል። በመጨረሻ እኔ በእሱ ፈንታ እነሳለሁ። ትኩሳቴን ለካችና «98፣ ጥሩ ነው» አለችኝ። ፋራናይት መሆኑን አጥቼው አይደለም። ግን ስንት ዓመት ሙሉ ውሃ በ100 ይፈላል፣ አዲስ አበባ ግን ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 300 ሜትር ስለሚያልፍ በ92 ገደማ ይፈላል እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ነርሷ በፈገግታ የምትነግረኝ ቁጥር አራት ኪሎ ላይ ቢሆን በእንፋሎት አልቄ ነበር።

ምግቡን አላማርርም፤ የሚያማርር ይዋሻል። ጤፍ አይዳሆ ላይ ይበቅላል። እንጀራ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተሳፍሮ ዳለስ አየር ማረፊያ ይወርዳል፤ ቪዛ ሳይጠየቅ። ባለቤቴ የምትጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ኖርዌዮች ለራሳቸው ቂጣ ብለው የሚገለገሉበት ነው፤ ማን እንደጀመረው እንጃ፣ የሐበሻ ሴቶች አዩት፣ ተያዩ፣ ወሰዱት። ሽሮውም አለ፣ ቂቤውም አለ። አብሮኝ የሚቆርስ ነው ያጣሁት። በየቤቱ ፍሪጅ ውስጥ ስም የተጻፈበት የፕላስቲክ ዕቃ አለ፤ ሁሉም በየሽፍቱ እየመጣ የየራሱን በማይክሮዌቭ አሙቆ ቆሞ ይበላል።

ሰፈርም አልነበረን ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ጆርጂያ አቬኑ ላይ ማማ ደስታ የሚባል ምግብ ቤት ተከፈተ፤ የቀደሙት ሰዎች ዛሬም ስሙን ሲያነሱ ዓይናቸው ይበራል። ከዚያ አዳምስ ሞርገን፣ 18ኛው መንገድ፣ የኛ ሰዎች ተያያዙት። እዚያ ኪራይ ሲወደድ ወደ 9ኛውና ዩ ስትሪት ወረዱ። ያ ደግሞ ሲወደድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ወዲህ ዊተን። እኛ ሄደን ሰፈሩን እናሞቀዋለን፣ ሲሞቅ ጊዜ ኪራዩ ይንርና እንባረራለን። ዛሬ 9ኛው መንገድ ላይ ክትፎ ለመብላት ከሜሪላንድ ነድቶ የሚመጣ ሐበሻ መኪና ማቆሚያ አጥቶ ሲዞር ያመሻል። ይህን ያልኩት ሙያዬ ስለሆነ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራዬ መጣሁ። ጠዋት ዊተን ጣቢያ ባቡር እይዛለሁ። መወጣጫው 70 ሜትር ነው፤ በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ እንደሱ ያለ ረጅም የለም ይባላል። ሕጉ ቀኝ ይዞ መቆም፣ ግራውን ለሚሮጥ መልቀቅ ነው። ግራው ባዶ ሆኖ አያውቅም። ምድር ውስጥ ገብቼ፣ ፋራገት ኖርዝ ወርጄ ኬ ስትሪት እደርስና እንደገና ምድር ውስጥ እገባለሁ። ኬ ስትሪት የጠበቆችና የሎቢስቶች መንደር ነው። ሕንፃዎቹ አጫጭር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1910 የወጣ ሕግ ቁመታቸውን በመንገዱ ስፋት ልክ ወስኖባቸዋል። ወደ ላይ የተከለከለ ባለ ሕንፃ ወደ ታች ይቆፍራል። ፒ-1፣ ፒ-2፣ ፒ-3። እንጀራዬ የወጣው ከዚያ ሕግ ነው ብል አላጋነንኩም፤ እነዚያ ሰዎች ሕንፃውን ሰማይ አድርሰው ቢሆን እኔን ማን ይቀጥረኝ ነበር?

ፒ-3 ላይ ታዲያ አገር አለ። ከጎናችን ያለው ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው የቀድሞ የአየር ኃይል ሰው ነው። ማዶ ያለው መሐንዲስ ነበር፣ ድልድይ ሠርቷል። ሌሊት ጽዳቱን የምትይዘው ሴትዮ የደሴ ልጅ ናት፤ ምላሷ ለእግዜርም አይመለስም። ቀትር ላይ የሚያደርሰው ዕቃ ያለው ሾፌር ጎራ ይላል፣ ኡበር የሚነዳው ሽንቱን ሊሸና ብሎ ይገባና አንድ ሰዓት ይቀመጣል። ቀጠሮ የሚባል የለም። የሰው መኪና እንደ መርካቶ ጆንያ አጠጋግተን ደርድረን፣ ቁልፉን በየሚስማሩ ሰቅለን፣ ባለቤቶቹ እስኪመጡ አገር እንመራለን። ፓርላማው የቱ ፎቅ ላይ እንደሚሰበሰብ ያውቃል፤ ደርግ ጥሩ ነበር የሚለው ፒ-2 ላይ ነው፣ ንጉሡ ቢቆዩ ኖሮ የሚለው ፒ-3፣ የዛሬውን የሚደግፈው ወደ መውጫው ይጠጋል። ሰው ሲታመም የምንሰማው እዚያ ነው። ባለቤቴ በስልክ «አሥራ አምስት ቀን ሆነ እኮ እሷን ሆስፒታል ካስተኟት» ስትለኝ እኔ ከተኛች በማግሥቱ ሰምቻለሁ፤ ፒ-3 ላይ።

ፀሐይ አይገባም፣ እውነት ነው። ዲሴምበር ላይ ጨለማ ሳለ እገባለሁ፣ ስወጣም ጨልሟል። ጠበቆቹ ደግሞ መኪናቸውን እየነዱ «እንዴት ነህ?» ይሉና መልሱን ሳይሰሙ መስታወቱን ይዘጋሉ። መልሴን ለሚቀጥለው ባለ መኪና አስቀምጬ እቆያለሁ። ቢሆንም እዚህ ከተማ ውስጥ ስቀር «የት ቀሩ?» የሚለኝ ሰው ያለው እዚያ ነው።

ይህንንም አዩብኝ። ባለፈው ክረምት አንድ ማሽን አምጥተው ተከሉ። ታርጋ በካሜራ ያነባል፣ ካርድ ይቀበላል፣ ክንዱን ያነሳል፣ ክንዱን ይጥላል። የመስታወት ክፍሌን ነቀሉት፤ ወንበሬ ሄደ፣ ማሞቂያዬ ሄደ። አለቆቹ ጠርተው «አናሰናብትዎትም» ብለው ብርቱካንማ ሰደርያ አለበሱኝና ማሽኑ ጎን አቆሙኝ። የሥራ መደቤ ማን ቢባል ጥሩ ነው? «የደንበኞች አምባሳደር»! ማሳቹሴትስ አቬኑ ላይ አምባሳደሮች በተርታ አሉ፤ ባንዲራ አላቸው፣ ሾፌር አላቸው፣ የሚቀመጡበት አላቸው። እኔ ሰው ካርዱን ገልብጦ ሲያስገባ «በዚህ በኩል ነው» የምል አምባሳደር ነኝ። ተቀምጦ ማውራት ቀረ። የአየር ኃይሉ ሰውዬ አንዴ መጥቶ ሁለታችንም ቆመን ለማውራት ሞከርን፤ ደርግም ንጉሡም ቆመው አልሆነልንም።

ልጄ ማታ ማታ ይህን ሁሉ ስትሰማ «ታዲያ አባዬ፣ አገርህ ብትገባ አይሻልህም?» ትለኛለች። የት ሰፈር ልግባ? የተወለድኩት ዶሮ ማነቂያ፣ ፒያሳ ነው። በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ተብሎ ፈርሷል። አሁን የብስክሌት መንገድ ተሠርቶበታል፣ በጣም ያምራል አሉ። እኔ ብስክሌት አልችልም።

እና ባለፈው ሐሙስ ማሽኑ የአንዱን ጠበቃ ካርድ ዋጠበት። ሰውየው ስብሰባ ረፍዶበታል፣ መውጫው ላይ ቆሞ ይቁነጠነጣል፣ ከኋላው መኪናው ተሰልፎ ፒ-2 ደርሷል። ማሽኑ ላይ የእርዳታ ቁልፍ አለ፤ ተጫንኩት። ጠራ፣ ጠራ፣ አንዲት ሴት ከማላውቀው አገር በእንግሊዝኛ አነሳች። እኔም ባለኝ እንግሊዝኛ ችግሩን ዘረዘርኩላት። ዝም አለች። ከዚያ፦

«አባባ፣ ይቅርታ፣ ሐበሻ ነዎት እንዴ?»

«ነኝ እንጂ! አንቺስ የት ነሽ?»

«ዳላስ። የእርስዎ አነጋገር የአጎቴን መስሎኝ እኮ ነው። ከየት ነዎት? አዲስ አበባ?»

«ፒያሳ። ዶሮ ማነቂያ።»

«ወይኔ! እናቴ እኮ የዶሮ ማነቂያ ልጅ ናት! ፈረሰ ሲባል ሦስት ቀን አልቅሳለች።»

«ቤታቸው የትኛው ነበር?»

«የእንጨት ደረጃ የነበረው፣ ከታች ልብስ ሰፊ የነበረበት...»

ልብስ ሰፊውን አውቀዋለሁ። የመጀመሪያ ሱፌን የሰፋልኝ እሱ ነው። ጠበቃው ጡሩምባውን ነፋ። ከኋላው ያለው ነፋ። ፒ-2 ያለው ሁሉ ተቀበለው።

«አባባ፣ ካርዳቸውን ላስወጣላቸው?» አለችኝ።

«ቆይ» አልኳት፤ «መጀመሪያ የእናትሽን ስም ንገሪኝ።»